ኩባንያና ጆሮው
(በተማሪዎች ማኅበር የዓርብ ማታ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ «ስለ ንግድ ማስታወቂያ ጥቂት ቃል ተናገርልን» ባለኝ ጊዜ ፈጥኜ እሺ አልኩ። ኋላ ግን ስለ ነገሩ ሳስብ የራሴ ጥፋት ትዝ አለኝና አፈርኩ። ጥፋቴን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ፤ አስቀድሜ ግን ከደጃችን ልጀምር።

ከእኛ አንዱ ወደ ጅማም ይሂድ ወደ ደሴ፣ ከምግብ ቤት ገብቶ «አምቦ ስጡኝ» ቢል የሚቀርብለት ጠርሙስ ነው። አስተናጋጁ ይህን ስም ሲሰማ ተራራውም፣ ገበያውም፣ እኛም አንታሰበውም። ሌላ ፋብሪካ ያሸገውን ባለ ጋዝ ውሃ እንኳ «አምቦ» የሚሉ ብዙ ናቸው። የሰንቀሌ ውሃ በጠርሙስ መታሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው፤ ስሙም ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሮ ዛሬ ማንም ኩባንያ በገንዘቡ ሊገዛው የማይችለውን ዝና አገኘ። ፋብሪካው በመንግሥት እጅ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 ዋና ጽሕፈት ቤቱ ለንደን የነበረው ሳብሚለር የተባለ የቢራ ኩባንያ ድርሻ ገዛበት። የገዛው ቧንቧና ማሽን ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር ንግድ አያውቅም፤ ስሙንም ነው የገዛው። ያ ገዢም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ኤቢ ኢንቤቭ በሚባል ከእርሱ በሚበልጥ ኩባንያ ተዋጠ። ትልቅ ዓሣ ትንሹን ዋጠ ማለት ነው፤ ግን ይህ የዛሬው ጉዳያችን አይደለም።

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ምክንያት ተማሪዎች ተቃውሞ ባነሡ ጊዜ በዚህ ከተማ ሰው ሞተ። በዚያ ሰሞን በዓለም ዜና ላይ አምቦ ሲባል ስለ ውሃ የሚያስብ አልነበረም። እንግዲህ እጠይቃችኋለሁ፤ የከተማን ስም ለብሶ የሚነግድ ድርጅት ከተማው በሚያለቅስበት ቀን ምን ይበል? ዝም ይበልን? ያጽናናን? ወይስ ማስታወቂያውን ለጊዜው ይተወው? በመማሪያ መጽሐፎቻችን መልሱን ፈልጌ አጣሁ። መጽሐፎቹ የሚያስተምሩን ዕቃ ስለ መሸጥ ነው፤ ዕቃው ስለ ወጣበት አገር ብዙ አይናገሩም።

በፊት ነገሩ ቀላል ነበር። ድምፅ ማጉያ የተጫነበት መኪና ከሆለታ ተነሥቶ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርን አልፎ እስከ ጌዶ እየጮኸ ይሄዳል። ሕዝቡ ይሰማል፣ ልጆች ከኋላው ይሮጣሉ፣ መኪናው ያልፋል። ለመኪና ማን ይመልሳል? ዛሬ ግን ስልክ የያዘ ሁሉ በፌስቡክ፣ በቴሌግራም፣ በቲክቶክ መልስ ይሰጣል፤ መልሱም ከማስታወቂያው በታች ተጽፎ ከማስታወቂያው ይልቅ ይነበባል። ኩባንያዎቻችን ግን እስከ አሁን ለአፋቸው እንጂ ለጆሯቸው ገንዘብ ማውጣት የለመዱ አይመስለኝም።

ይህን በበደሌ ቢራ ነገር ማየት ይቻላል። ሄኒከን የተባለው የሆላንድ ኩባንያ የበደሌንና የሐረርን ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ከመንግሥት የገዛው በ163 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በደሌ የድምፃዊ ቴዲ አፍሮን የሙዚቃ ጉዞ ስፖንሰር ሊያደርግ ተስማማ። ወዲያው ስለ ዐፄ ምኒልክ ዘመቻ ድምፃዊው ተናገረው የተባለ ቃል ከአንድ መጽሔት ጋር ተያይዞ ተሰራጨ፤ እርሱ «አላልኩም» አለ። ነገር ግን በውጭም በአገር ውስጥም ያሉ ብዙ ኦሮሞዎች «በደሌን አንጠጣም» የሚል ዘመቻ በኢንተርኔት አነሡ። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ኩባንያው ስፖንሰርነቱን ተወ። ይህን ጊዜ ደግሞ በተራቸው የድምፃዊው ወዳጆች ተቆጡ።

ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለመፍረድ አልተነሣሁም፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንኳ ሁለትና ሦስት አሳብ እንዳለ አውቃለሁ። እኔ የምለው ስለ ኩባንያው ነው። ዝናን ከፍሎ ለመዋስ ሲነሣ የቈጠረው የአድማጩን ብዛት ብቻ ይመስለኛል። ቢራውን ጠዋት ማታ የሚጭኑት፣ የሚቀዱትና የሚጠጡት ሰዎች ስለ አገሩ ታሪክ ምን ዓይነት ቁስል እንዳላቸው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም ነበር። በደሌ ከተማ ወይም እዚህ አምቦ አንድ ቡና ቤት ገብቶ ለሁለት ሰዓት መቀመጥ ይበቃ ነበር። ከቁጣ በኋላ የተሰጠ መልስ፣ መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ ከሁለቱ ወገን ቢያንስ አንዱን ያስቀይማል።

በዞናችን ደግሞ የሙገር ነገር አለ። የዳንጎቴ ሲሚንቶ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲከፈት በዓመት ሁለት ሚሊዮን ተኩል ቶን ያመርታል ተብሎ ትልቅ ዜና ሆነ። በ2016 በተነሣው ተቃውሞ መኪኖቹና መሣሪያዎቹ ተቃጠሉ። በ2018 የኢትዮጵያ ሥራ አስኪያጁ ከሙገር ሲመለሱ ከጸሐፊያቸውና ከሾፌራቸው ጋር በጥይት ተገደሉ። ይህን ሐዘን የማስታወቂያ ትምህርት ማሳያ ላደርገው አልደፍርም። ነገር ግን ፋብሪካ ባለበት ቀበሌ የሥራና የመሬት ጥያቄ እያለ በአዲስ አበባ አደባባይ የሚሰቀል ውብ ሥዕል ለማን እንደሚናገር አላውቅም።

የቋንቋውም ነገር አለ። በገበያችን የሚሰማው ኦሮምኛ ነው። አንዳንድ ኩባንያ ማስታወቂያውን በአማርኛ ያሰናዳና ቃል በቃል ወደ ኦሮምኛ ያስገለብጠዋል። እናቶቻችን ሲሰሙት ይስቃሉ፤ ኩባንያውም ደስ ያላቸው ይመስለዋል።

ደግሞ ስልክን ብቻ የሚያምን ነጋዴ ይጠንቀቅ። የከተማችን ልጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላው አገር ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። በቴሌግራም ብቻ ይሸጥ የነበረ ሰው በእነዚያ ቀናት ደንበኞቹ የት እንደሚኖሩ እንኳ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ ነጋዴ እኔንና ሦስት ጓደኞቼን ጠርቶ፣ ስለሚሸጠው የፀሐይ ብርሃን ፋኖስ በየገጻችን መልካም ነገር እንድንጽፍ ለእያንዳንዳችን ሁለት መቶ ብርና የስልክ ካርድ ሰጠን። ተከፍሎናል ብለን አልጻፍንም። እኔማ «ቤታችን ከገባ ወዲህ ጨለማ አናውቅም» ብዬ ጻፍኩ፤ ፋኖሱን ግን በእጄም ነክቼው አላውቅም። ጌዶ አጠገብ የምትኖር አክስቴ ጽሑፉን ልጇ አንብቦላት ገዛችው። ከወር በኋላ ጠፋ። ደውላ አልተቆጣችም። «ልጄ፣ የእናንተው እንዴት ነው የሚሠራው? አሠራሩ ጠፍቶኝ ይሆን እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም መልስ አጣሁና አውታሩ እንደ ተቋረጠ አስመስዬ ስልኩን ዘጋሁት።

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 በመገናኛ ብዙኃን የሚወጣ ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። የእኔ ጽሑፍ አክስቴን ያታለላት ማስታወቂያ ስላልመሰለ ነው፤ ነጋዴውም የከፈለን ለዚሁ ነበር። ከእኛ መካከል ነገ በሕዝብ ግንኙነት ክፍል የሚቀጠሩ ብዙዎች ናቸው። የመጀመሪያው ትእዛዝ የሚመጣላቸው «ይህን የራስህ አሳብ አስመስለህ ጻፍልን» ተብሎ ይሆናል። ደመወዝ የሚጠብቅ ቤተሰብ ላለው ሰው እንቢ ማለት ቀላል ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ቢሆንም «ከመጻፌ በፊት ወደ ገጠሩ ልሂድና የገዙትን ልጠይቅ» ማለት ይቻላል። ይህን የሚፈቅድ ኃላፊ ጥቂት ነው፤ የሚጠይቅ ሠራተኛ ግን ከእርሱም ያነሰ ነው።

ለማኅበሩ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ይህቺ ጋዜጣችን ከከተማው ሱቆችና ምግብ ቤቶች ማስታወቂያ እየተቀበለች ለወረቀትና ለቀለም ገንዘብ ታገኛለች፤ ይህ ነውር አይደለም። ነገር ግን ከሚመጣው ዕትም ጀምሮ በእያንዳንዱ ላይ «ተከፍሎበታል» የሚል ቃል በጉልህ ይጻፍ። በተገዛው ዕቃ የተበደለ ተማሪም በዚያው ገጽ መልሱን እንዲያወጣ አንድ ዓምድ ይተውለት። ሱቆቹ ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ምናልባትም ሁለት ሦስቱ ይተዉናል። አዘጋጆቹ ይህን አስበው በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲመልሱልኝ እለምናለሁ።

ያን ጽሑፍ ከገጼ አጥፍቼ እውነቱን ጽፌአለሁ። የፋኖሱን ዋጋ ግማሽ ለአክስቴ ልኬአለሁ፤ የቀረውን ለፋሲካ ስሄድ በእጇ እሰጣታለሁ። ጥያቄ ያለው ቢኖር እነሆ፣ አለሁ።