ለቆመች መኪና ስንት እንስጥ?

ወገኖቻችን! በሬ ስንገዛ ጥርሱን ሳናይ ብር አንቆጥርም። ለዓመታት ቆማ የዛገች ቮልስዋገን ስንገዛም እንዲሁ ነው።

አስቀድመን ሆዷን ጎንበስ ብለን ዝገቱን እንይ። የሻንሲ ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር እናመሳክር። ከዚያ የጎደላትን ዕቃ እንጻፍ።

አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አሮጌ መኪና ተፈታትቶ መለዋወጫው ይሸጣል። ዋጋ ከመጥራታችን በፊት እዚያ እንጠይቅ። ይህች ጀርባዋ ጉብ ያለው ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም ነፋስ እንጂ ውሃ አይደለም። የሌላ መኪና ዕቃ እንዲሁ አይገጥምላትም። የመጨረሻዋም በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርታ አበቃች።

አሁን እንቀንስ። ደህናዋ 300 ሺህ ብር ታወጣለች፣ ጥገናው 180 ሺህ ይፈጃል እንበል። የሚተርፈው 120 ሺህ ነው። ለተደበቀ ብልሽት ጥቂት ቀንሰን እንጥራ። ሻጩ ካልተስማማ እንተዋት፤ ያጠራቀምነው ጥሪት ለዝገት አይከፈል።