የተውሶ ልብስ፦ ከሁርሶ ቢራቢሮ እስከ ኦክቶፐስ

(በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የተሰጠኝ ሰዓት አጭር ስለሆነ ሩቅ አልሄድም፤ መጀመሪያ ሁርሶ ድረስ ብቻ ልውሰዳችሁ። ሁርሶ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ያለው ወታደራዊ ማሠልጠኛ ነው። የወታደር ዥጉርጉር ልብስ ዓላማው አለመታየት ነው፤ ቁጥቋጦ መስሎ ከዓይን ማምለጥ። ዛሬ የማወራው ግን ስለ ሌላ ብልሃት ነው፤ በደንብ እየታዩ ሌላ መስሎ መኖር። እንስሳት ይህን ሲያደርጉ አስመሳይነት እንለዋለን።

በዚያ ቆላ፣ በደረቅ ወንዝ ዳርና በመንገድ ጠርዝ፣ ቅምቦ ወይም ጦቢያው የምንለው ተክል ይበቅላል። ቅጠሉ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ከብት እምብዛም አይነካውም። ዳናውስ ክሪሲፐስ የተባለው ብርቱካንማ ቢራቢሮ ግን እንቁላሉን የሚጥለው በዚህ ተክልና በዘመዶቹ ላይ ነው። አባጨጓሬው ቅጠሉን እየበላ ልብ የሚጎዳውን መርዝ በሰውነቱ ያከማቻል፤ መጠኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢለያይም ቢራቢሮ ሲሆን ይዞት ይበራል። ልምድ የሌለው ወፍ አንዱን ይቀምስና ያስመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ቀለም አይደፍርም።

አሁን ሌላዋ ትምጣ፦ ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ። ይህችኛዋ እንዲህ ያለ መርዝ የላትም። ወንዱ ጥቁር ሆኖ ክንፉ ላይ ትልልቅ ነጭ ነጠብጣብ አለው፤ ሴቷ ግን ቁርጥ ዳናውስን ናት። ዳናውስ በአፍሪካ ቀንድ ከአንድ በላይ መልክ አለው። የክንፉ ጫፍ ጥቁርና ነጭ የሆነ አለ፤ እስከ ጫፉ ብርቱካንማ የሆነም አለ። ሚሲፐስም ሁለቱንም መልክ ይዛ ትገኛለች! የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ እንል የለ? ይህች ደግሞ የተኩላ ለምድ የለበሰች በግ ናት።

ይህን ነገር መጀመሪያ በሥርዓት ያብራራው 11 ዓመት በአማዞን ደን የቆየው እንግሊዛዊው ሄንሪ ባተስ ነው፤ ጽሑፉ የታተመው በ1862 እ.ኤ.አ. ነበር። ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ የተውሶው ልብስ የሚያድነው ወፉ እውነተኛውን በበቂ ቀምሶ ከተማረ ብቻ ነው። አስመሳዮቹ ከበዙ ወፉ “ብርቱካንማው እኮ ይጣፍጣል” ብሎ ይማራል። ያን ጊዜ የሚበላው አስመሳዩ ብቻ አይደለም፤ ባለመርዙም አብሮ ይነከሳል።

ብልሃቱን ከዚህም አልፎ የወሰደው ባሕር ውስጥ ነው ያለው። ከሁርሶ ሐዲዱን ተከትለን ጅቡቲ እንውረድና ውቅያኖሱን አቋርጠን ኢንዶኔዥያ እንዝለቅ። በ1998 እ.ኤ.አ. በሱላዌሲ ጠረፍ የተገኘው ኦክቶፐስ በ2005 ታውሞክቶፐስ ሚሚከስ የሚል ሳይንሳዊ ስም ወጣለት። እጆቹን ሰብስቦ በአሸዋው ላይ ሲንሳፈፍ ጠፍጣፋ ዓሣ ይመስላል፤ ሲዘረጋቸው ባለመርዛም እሾኹን የአንበሳ ዓሣ። ዳምሰልፊሽ የተባሉ ትናንሽ ዓሦች ሲያጠቁት ደግሞ ስድስቱን እጆች ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሁለቱን በተቃራኒ አቅጣጫ ይዘረጋል፤ ባለቀለበቱን የባሕር እባብ መሰለ ማለት ነው። እባቡ የእነዚህ ዓሦች ጠላት ነው። ቢራቢሮዋ በአንድ ልብስ ዕድሜዋን ትጨርሳለች፤ ኦክቶፐሱ ግን እንደ ሁኔታው ይቀያይራል። ይሁንና ከዚያው ሕግ አያመልጥም፤ እውነተኛ እባብ በሌለበት ባሕር የእባብ መልክ ማንን ያስፈራል?

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን ጨዋታ እዚህ ያመጣሁት በምክንያት ነው። በአገራችን ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ መነጋገሪያ ከሆነ ቆይቷል። ያ ወረቀት ሥራ የሚያስገኘው ማኅተሙ ስላማረ አይመስለኝም። እውነተኛውን ዲግሪ የያዙ ሰዎች ቀድመው በየመሥሪያ ቤቱ ሠርተው እምነት ስላተረፉ ነው። አስመሳዩ የሚበላው የእኛን ስም ነው። ከበዛ ደግሞ ቀጣሪው እንደ ወፉ ይማራል፤ የነገው ተመራቂያችን በሀቅ የያዘውን ዲግሪ ማንም ላያምንለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሐሰቱን ማጋለጥ የተቋማት ሥራ ነው፤ እውነተኛውን ማብዛት ግን የእኛ ነው። መምህራኖቻችን፣ ያልሠራን ተማሪ በርኅራኄ አታሳልፉብን። እኛም በየሥራችን የሚቀምሰን ሰው የማይረሳው ሥራ እንሥራ።

አንድ ልመና ልጨምር። ተማሪዎቻችሁን ደብተር አስይዛችሁ ወደ ሁርሶ ቅምቦዎች ውሰዷቸው፤ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የኋላ ክንፉን አስተውለው ይመልከቱ። ዳናውስ መካከሉ ላይ ሦስት አራት ጥቁር ነጥብ አለው፤ ሚሲፐስ አንድ ብቻ። በየወቅቱ ሁለቱን ለይተው ይቁጠሩ። ከሩቅ አንድ የሚመስለውን ቀርቦ መለየት የለመደ ተማሪ፣ የትም ቢሄድ በቀላሉ አይታለልም።