መዝገበ ቃላት ከመክፈታችን በፊት



ጉንችሬ ተማሪ ሳለሁ የእናቴን የመድኃኒት ወረቀት አነበብኩላት። «ከምግብ በፊት ይወሰድ» ነበር የሚለው። በእንግሊዝኛ ግን «በፊት» ከ«ምግብ» ይቀድማል። እኔም በተጻፈበት ተራ ገልብጬ፣ በቤት ቋንቋችን «በፊት ምግብ፣ ከዚያ መድኃኒት» አልኳት። እናቴ አምናኝ ሳምንት ሙሉ እየበላች ዋጠች።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከእንግሊዝኛ ወደ ግዕዝ መተርጎም ስጀምር ያው ስሕተት ተከተለኝ። «ንጉሥ ቤት ሠራ» ለማለት ሦስት ቃል ለቅሜ አመጣሁ፤ ንጉሥ፣ ሐነፀ፣ ቤት። መምህራችን ሣቅ አሉና «ሐነፀ ንጉሥ ቤተ» ብለው ጻፉ። የተሠራው ቤቱ ስለሆነ «ት» ወደ «ተ» ተለወጠች። ቀጥለው ቃላቱን አዘዋወሩና «ሐነፀ ቤተ ንጉሥ» አሉ፤ አሁን «የንጉሥን ቤት ሠራ» ሆነ። ቃሉ ያው፣ ነገሩ ሌላ! በሕንዶቹ ሳንስክሪትማ የስም መጨረሻ እንደ ሙያው በ8 ዓይነት ይለዋወጣል።

በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፍም ከርእሱ ጀምሮ ሰዋስውን ያስቀድማል፣ መዝገበ ቃላቱን ያስከትላል። በከንቱ አይደለም።

ልጆቻችን ግዕዝ ሲማሩ «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ከማለታቸው በፊት «ማን ምን አደረገ?» ብለው ይጠይቁ። እናቴ እንደሆነች ዛሬም መድኃኒት ስገዛላት አትለቀኝም፦ «ከምግብ በፊት ነው፣ ወይስ በፊት ምግብ?»