የጠፈርን ምርምር ስለሚፈቅድ ሕግ
በመምህራንና በአገር ሽማግሎች ፊት የተነገረ



በየመንደሩ ትምህርት ቤት ያሉ ሕፃናት ሰው ወደ ጨረቃ ወጥቶ እንደ ተመለሰ ይሰማሉ፤ ሰምተውም መምህራቸውን ይጠይቃሉ። መምህሩም ስለ ሮኬቱ ኀይል፥ ስለ ምድር ስበት፥ ስለ ጨረቃ ርቀት የሚያውቀውን ያህል ያስረዳቸዋል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሕፃን የማይጠይቀው፥ ሽማግሌ ግን ሊጠይቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ያን ያህል ሀብት የሚፈስበትን ሥራ ማን ፈቀደው? ገንዘቡንስ ማን ሰጠው? ፈቃዱና ገንዘቡ ሳይገናኙ ሲቀሩስ ምን ይኾናል? የሚል ነው። እኔም ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው። ለምሳሌ የማቀርበው የአሜሪካን ሕግ ነው፤ በዚያ አገር ሕጉም፥ በሕጉ ላይ የተደረገው ክርክርም በጽሑፍ ለሕዝብ ስለሚገለጥ ለመመርመር ይመቻልና። የምጠራቸው ዓመታትና ወራት ኹሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በቤተ ክህነት ትምህርት ያደግን ሰዎች ጠፈር ሲባል በሁለተኛው ቀን በውኃና በውኃ መካከል የተዘረጋውን እናስባለን። የዛሬ ጸሓፊዎች ግን ከአየር በላይ ያለውን ባዶ ስፍራ ጠፈር ይሉታል፤ በሮኬት ተወንጭፎ ወደዚያ የሚሄደውንም ዕቃ ከነቢዩ ከሕዝቅኤል መጽሐፍ በምናውቀው ስም መንኰራኵር ብለውታል። ቃሉ አሮጌ፥ ዕቃው አዲስ መኾኑን አስተውላችሁ ስሙኝ።

ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ዓ.ም. የሶቪየት መንግሥት ስፑትኒክ የምትባለውን፥ ክብደቷ 84 ኪሎ ያህል የኾነውን ሉል ወደ ላይ ሰደደ። እርስዋም አንድ ሰዓት ከ36 ደቂቃ በሚያህል ጊዜ ምድርን አንድ ጊዜ ትዞር ነበር። አሜሪካውያን ይህን በሰሙ ጊዜ እጅግ ደነገጡ፤ ሉሉን የተሸከመው ሮኬት ቦምብም ሊሸከም እንዲችል ዐውቀዋልና። ብዙዎችም ይህ ሥራ ለጦር ሠራዊት ይሰጥ አሉ። ፕሬዚዳንቱ ድዋይት አይዘንሃወር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታላቅ የጦር አዛዥ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን የመረጡት ሌላ መንገድ ነው። በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሊንደን ጆንሰን በሚመሩት ኮሚቴ ነገሩ ብዙ ከተመረመረ በኋላ፥ ጁላይ 29 ቀን 1958 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቱ የጠፈሩን ሕግ ፈረሙ። ናሳ የሚባለው የበረራና የጠፈር ብሔራዊ መሥሪያ ቤትም ኦክቶበር 1 ቀን በዚያው ዓመት ሥራውን ጀመረ። ፈጽሞ ከባዶ የተነሣ አልነበረም፤ በ1915 ዓ.ም. ስለ አውሮፕላን ምርምር የተቋቋመውን የቀድሞ መሥሪያ ቤት ከነሠራተኞቹና ከነቤተ ሙከራዎቹ ወረሰ።

ሕጉ ከደነገጋቸው ነገሮች ሦስቱን ልጥቀስ። የጠፈር ሥራ ለሰው ልጅ ኹሉ ጥቅምና ለሰላም እንዲውል፤ የጦር መሣሪያና የአገር መከላከያ ጉዳይ ለጦር መሥሪያ ቤት ተለይቶ ሲቀር ሌላው ሥራ በሲቪል ሹማምንት እጅ እንዲኾን፤ ደግሞም የተገኘው ዕውቀት በተቻለ መጠን በሰፊው እንዲገለጥ። ይህ ሦስተኛው ቃል ለመምህራን ታላቅ ስጦታ እንደ ኾነ ኋላ አሳያችኋለሁ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። በአሜሪካ የመንግሥት ሥራ የሚሠራው በሁለት ዐይነት ሕግ ነው። አንደኛው የፈቃድ ሕግ ነው፤ ይህ ሥራ ይሠራ፥ በዚህ መንገድ ይሠራ፥ እስከዚህ ድረስ ገንዘብ ይፈቀድለት ይላል። ሁለተኛው የበጀት ሕግ ነው፤ ከግምጃ ቤቱ ይህን ያህል ይውጣ ይላል። ሁለቱን የሚያረቁት ኮሚቴዎችም የተለያዩ ናቸው። የደብሩ ማኅበር ተሰብስቦ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ በቆርቆሮ ይከደን ብሎ ቢወስን፥ ቃለ ጉባኤውም ተጽፎ ቢፈረም፥ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ገበዝ ሣጥኑን እስኪከፍት ድረስ ዝናሙ መግባቱን አይተውም። የፈቃድ ሕግም እንዲሁ ነው።

በ1959 ዓ.ም. ኮንግሬሱ ለናሳ አስቀድሞ የፈቃድ ሕግ ካልወጣ በቀር ገንዘብ አይመደብም ብሎ ደነገገ። ስለዚህም በመጀመሪያው ዘመን የፈቃዱ ሕግ በየዓመቱ ይወጣ ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1961 ዓ.ም. ሰው ወደ ጨረቃ ይሂድ ባሉ ጊዜ ፈቃዱና ገንዘቡ እንደ ጥንድ በሬ አብረው ሄዱ፤ በ1966 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ጠቅላላ ወጪ ከመቶው 4 እጅ የሚበልጠው ለናሳ ተሰጠ፤ ጁላይ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ሰው ጨረቃን ረገጠ። ከዚያ ወዲህ ግን የገንዘቡ እጅ እየቀነሰ ሄዶ ከመቶው አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ኾኗል፤ የፈቃዱም ሕግ በየዓመቱ መውጣቱ ቀርቶ አልፎ አልፎ የሚወጣ ኾነ። በ2005፥ በ2008፥ በ2010፥ በ2017፥ በ2022 ዓ.ም. ወጥቷል። በመካከል ባሉት ዓመታት መሥሪያ ቤቱ የኖረው በበጀቱ ሕግ ብቻ ነው። ፈቃድ ያለ ገንዘብ ሥራ አይሠራም፤ ገንዘብ ግን ያለ አዲስ ፈቃድ ሲሠራ እነሆ ይታያል።

ኾኖም የፈቃድ ሕግ ከንቱ ወረቀት ነው እንዳትሉ በ1993 ዓ.ም. የኾነውን ስሙ። ሰው የሚኖርበት ጣቢያ በጠፈር ይሠራ የሚለው ዐሳብ በ1984 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ሬገን ታውጆ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አለፈ፥ ዕቅዱም ብዙ ጊዜ ተለዋወጠ፥ ብዙ ገንዘብም ወጣ፤ ነገር ግን አንድ ብረት እንኳ ገና ወደ ላይ አልወጣም። በጁን ወር 1993 ዓ.ም. የናሳ የፈቃድ ሕግ በእንደራሴዎቹ ምክር ቤት ሲመከር፥ ጣቢያው ይቅር የሚል ማሻሻያ ቀረበ። ድምፅ ሲቈጠር ይቅር ያሉት 215፥ አይቅር ያሉት 216 ኾኑ። በአንድ ሰው ድምፅ ዳነ ማለት ነው። የጣቢያው የመጀመሪያ ክፍል በ1998 ዓ.ም. ወጣ፤ ከኖቬምበር 2 ቀን 2000 ዓ.ም. ጀምሮም ጣቢያው አንድ ቀን እንኳ ሰው ሳይኖርበት ውሎ ሳያድር ከሃያ ዓመት በላይ ቈየ። በዚያ ቀን አንድ እንደራሴ ታሞ ቀርቶ ቢኾን ኖሮ ምን ይኾን ነበር እያልሁ አስባለሁ።

የ2010 ዓ.ም. ሕግ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለበት። በዚያን ጊዜ ሰዎችን ወደ ጣቢያው ያመላልሱ የነበሩት የጠፈር ማመላለሻ መንኰራኵሮች ሊያርፉ ቀርበው ነበር፤ ሁለቱ በ1986 እና በ2003 ዓ.ም. በድንገት ጠፍተው 14 ሰዎች ሞተውባቸዋልና። ሕጉ ታላቅ ሮኬት እንዲሠራ አዘዘ፤ መሸከም የሚገባውን ክብደት እንኳ በቶን ቈጥሮ ጻፈ፤ ከቀድሞ ሥራ ተቋራጮች ጋራ የነበረው ውል በተቻለ መጠን እንዲቀጥል፥ ሮኬቱም እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2016 ዓ.ም. እንዲደርስ ወሰነ። ሮኬቱ ግን መጀመሪያ የተነሣው ኖቬምበር 16 ቀን 2022 ዓ.ም. ነው። ባለ ቤቱ ለአናጢው የምሰሶውን ውፍረትና የምስማሩን ቍጥር ሳይቀር ሲያዝዝ፥ ምስማሩን ከማን እንደሚገዛም ሲወስን ቤቱ ይዘገያል። እንደራሴዎቹ እንዲህ ያደረጉት ፋብሪካው ባለበት አገር ያሉ መራጮቻቸው ሥራ እንዳያጡ በመስጋት ጭምር ነው፤ ይህን ስጋት ማንም ሽማግሌ ይረዳዋል፥ ነገር ግን ሮኬት በስጋት አይበርም።

ሕጉ የግል ኩባንያዎችም ሰዎችን ወደ ጣቢያው እንዲያደርሱ መንገድ ከፍቶ ነበር። ለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሰጠው ገንዘብ ግን ከተጠየቀው አነሰ። ስለዚህ ከጁላይ 2011 እስከ ሜይ 2020 ዓ.ም. ድረስ አሜሪካ የራስዋን ሰዎች በራስዋ መንኰራኵር ወደ ጣቢያው ማድረስ አልቻለችም፤ በሩሲያ መንኰራኵር መቀመጫ እየተከራየች ሰደደች፤ ዋጋውም እየናረ ሄዶ በመጨረሻው ለአንድ ሰው ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ባለመስጠት የተቈጠበው ገንዘብ በኪራይ ወጣ።

ከ2017ቱ ሕግ አንዲት ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው አያነሣትምና። በጠፈር ብዙ ወር የቈየ ሰው አጥንቱ ይሳሳል፥ የዓይኑም ብርሃን የሚታወክ አለ። ሕጉ ናሳ አገልግለው የወጡትን ሰዎች ከአገልግሎታቸው የተነሣ ለሚደርስባቸው ሕመም እንዲመረምርና እንዲያሳክም ፈቀደ። ከሥራው መጀመሪያ አንሥቶ እስከዚያ ድረስ 50 ዓመት ከማለፉ በቀር የሚነቀፍበት የለም።

አኹን ስለ ዕውቀት መገለጥ ወደ ተናገርሁት ልመለስ። ናሳ በኦክቶበር 2021 ዓ.ም. ሉሲ የምትባል መንኰራኵር ሰደደ። ስሟ የተወሰደው በ1974 ዓ.ም. በአፋር አገር በሐዳር ከተገኘችው፥ እኛ ድንቅነሽ ከምንላት ጥንታዊት አፅም ነው። መንኰራኵሯ በመንገድዋ መጀመሪያ የተመለከተቻት፥ በማርስና በጁፒተር መካከል የምትዞር ትንሽ ዐለትም በ2023 ዓ.ም. ድንቅነሽ ተብላ ተሰየመች። ኖቬምበር 1 ቀን 2023 ዓ.ም. በአጠገብዋ ባለፈች ጊዜ ዐለቲቱ ብቻዋን እንዳልኾነች፥ የምትዞራት ታናሽ ጨረቃ እንዳለቻት ታየ። ይህችም በዲኪካ በተገኘችው ሕፃን ስም ሰላም ተባለች። ፎቶግራፉ ያለ ዋጋ ለዓለም ኹሉ ተገልጧል። መምህር ሆይ፥ ለተማሪዎችህ አሳያቸው፤ ስሙን ሲሰሙ ያለ ተርጓሚ ያውቁታል።

ድንቅነሽ ከእኛ ሩቅ ናት፥ ክፉም አታደርግብንም። ወደ ምድር መንገድ የሚቀርቡ ሌሎች ዐለቶች ግን አሉ። የ2005 ዓ.ም. የፈቃድ ሕግ ስለ እነዚህ ታላቅ ትእዛዝ አዘዘ፤ ስፋታቸው 140 ሜትርና ከዚያ በላይ ከኾኑት፥ ወደ ምድር ከሚቀርቡት ዐለቶች ከመቶው 90ው በ15 ዓመት ውስጥ ተፈልገው ይገኙ፥ መንገዳቸውም ይታወቅ አለ። እንዲህ ያለው ዐለት ቢወድቅ አንድ ታላቅ ከተማ ከነአውራጃው ያጠፋል። በየትኛው አገር እንደሚወድቅም አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ይህ ሕግ የአሜሪካ ሕግ ቢኾንም ጉዳዩ የጐጃምም የበጌምድርም ነው።

ትእዛዙ ወጣ፤ ለዚያ ሥራ የሚበቃው ገንዘብ ግን አብሮት አልወጣም። በ2010 ዓ.ም. የአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ነገሩን መርምሮ፥ በተሰጠው ገንዘብ በተባለው ጊዜ ይፈጸማል ተብሎ አይጠበቅም ብሎ ጻፈ። በ2013 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 15 ቀን በሩሲያ በቼልያቢንስክ ከተማ ላይ 20 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ዐለት በአየር ውስጥ ፈነዳ፤ ከፍንዳታው ኀይል የተነሣ መስኮት ተሰባብሮ 1,500 ያህል ሰዎች ቈሰሉ፤ የቈሰሉትም የሚበዙት በመስታወት ስባሪ ነው። በፀሓይ ወገን ስለ መጣ አስቀድሞ ያየው ማንም አልነበረም። የሕጉ ቀጠሮ 2020 ዓ.ም. ሲደርስ የተገኙት ከእኩሌታ ያነሱ ነበሩ።

የሚያዘገየው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ነገሩም ራሱ ከባድ ነው። ብዙዎቹ ዐለቶች እንደ ከሰል የጠቈሩ ናቸው፤ የፀሓይን ብርሃን ጥቂት ብቻ ስለሚመልሱ በምድር ላይ ባለ መነጽር ማየት ያስቸግራል። ነገር ግን ፀሓይ ታሞቃቸዋለች፤ ሙቀታቸውም በዓይን የማይታይ ጨረር ያወጣል። ይህን ጨረር የሚለይ መነጽር ከምድር አየር ውጭ ቢቀመጥ ጥቍሩንም ያየዋል። ለዚህ የሚኾነውን መነጽር መሥራት እንዲቀጥል የ2022 ዓ.ም. ሕግ አዘዘ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 26 ቀን ናሳ ዳርት የምትባል መንኰራኵር በዲሞርፎስ ላይ ሆን ብሎ አጋጨ፤ ይህም ለምድር የማያሰጋ፥ ስፋቱ 160 ሜትር ያህል የኾነ ዐለት ነው። በትልቁ ዐለት ዙሪያ ይዞርበት ከነበረው ከ12 ሰዓት ጥቂት የሚያንስ ጊዜ ላይ ከ30 ደቂቃ በላይ ተቀነሰለት። እንግዲህ ዐለት ከመንገዱ ሊገፋ እንደሚችል ታወቀ፤ ሊገፋ የሚችለው ግን ብዙ ዓመት አስቀድሞ የታየው ብቻ ነው።