የነገ እህልና የዛሬ እምነት

(ለፕሮጀክት ሠራተኞችና ለአጥቢያ ሽማግሌዎች በጠዋት ጸሎት ጊዜ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርዕስ በእግዚአብሔር በመታመን በክርስቲያናዊ ጠባይ ስለ ማደግ ነው። መጀመሪያ ያሰብነው ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት የያዝነውን ማስታወሻ ይዘን ለመቅረብ ነበር። ሐዋርያው ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ እምነትን ከሁሉ አስቀድሞ ያቆምና በእርሱ ላይ በጎነትን፣ እውቀትን፣ ራስን መግዛትን፣ መጽናትን እያለ እስከ ፍቅር ድረስ ይወጣል። ይህን ዝርዝር በቃላችን ይዘን ፈተና አልፈንበታል። ነገር ግን እምነት ለምን በመጀመሪያ እንደ ቆመ የገባን በክፍል ውስጥ ሳይሆን በእህል መጋዘን ውስጥ ነውና፣ ማስታወሻውን ትተን እርሱኑ እንነግራችኋለን። የሚያኮራ ታሪክ አይደለም።

ዘመኑ 2008 ዓ.ም. ነበር። ዝናቡ በኤልኒኞ ምክንያት ቀርቶ በአገራችን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ያስፈለገበትን ያን ዓመት ታስታውሳላችሁ። እኛም በአንድ ቆላማ ወረዳ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል እናድል ነበር። አንድ ቀን ታዲያ የሚቀጥለው ወር ጭነት ሊዘገይ ይችላል የሚል ወሬ ደረሰን። ወሬ ነው እንጂ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሦስት ሠራተኞችና ሁለት ሽማግሌዎች ማታ በፋኖስ ተቀመጥንና 12 ኩንታል በቆሎ በኋለኛው ክፍል እንዲቆለፍ ወሰንን። ለየቤታችን አልነበረም፤ ለአጥቢያችን ምእመናን ብለን ነው። በመዝገቡ ላይ ግን «የተበላሸ» ብለን ጻፍን። 12 ኩንታል የ80 ሰው የአንድ ወር ቀለብ ነው፤ ያን ማታ ይህን ሒሳብ ያሰላ ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

በሳምንቱ አንዲት እናት ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን አልነበሩም። «ልጆቼ፣ ስሜ ከዝርዝሩ ቀርቷል አሉኝ፤ ከተረፈ ትንሽ ስጡኝ» አሉን። «እማማ፣ ምንም አልተረፈም» አልናቸው። እርሳቸውም «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው መረቁንና ሄዱ። የኋለኛው ክፍል መክፈቻ በዚያን ሰዓት በኪሳችን ነበር። በየጠዋቱም መጋዘኑ ከመከፈቱ በፊት ቆመን የዕለት እንጀራችንን እንዲሰጠን እንጸልይ ነበር! እንዴት እንዳላፈርን ዛሬም ይገርመናል።

ጭነቱ አሥራ አንድ ቀን ዘግይቶ ደረሰ። የተቆለፈውን ክፍል ስንከፍት በቆሎው ነቅዟል። ጆንያውን ስናነሣው ዱቄቱ ይፈስሳል፤ ነቀዙ በግድግዳው ላይ ይሄዳል። በሐሰት «የተበላሸ» ብለን የጻፍነው በእውነት ተበላሽቶ አገኘነው።

በምድረ በዳ እስራኤል መናውን ለነገ ብለው ባሳደሩት ጊዜ ምን እንደ ሆነ በዘፀአት ምዕራፍ 16 ታውቃላችሁ። ከእናንተ አንዳንዶቹ «ታዲያ ዮሴፍ ሰባት ዓመት ሙሉ እህል አላከማቸምን?» ትሉ ይሆናል። አከማችቷል፤ መጠባበቂያ መያዝም ኃጢአት አይደለም፤ እንዲያውም ያለ መጠባበቂያ የሚሠራ ፕሮጀክት ሞኝነት ነው። ዮሴፍ ግን ያከማቸው በግልጥ ነበር፤ ጎተራውንም በራብ ጊዜ ለግብፃዊውም ለባዕዱም ከፈተው። የእኛ ጎተራ የተዘጋ፣ መዝገቡም የሐሰት ነበር።

ያን ማታ የጐደለን ርኅራኄ አልነበረም፤ ለምእመናናችን አዝነናል። እውቀትም አላጣንም፤ መዝገብ አያያዝ ተምረናል። የጐደለን፣ ለነገውም እግዚአብሔር አለ ብሎ መታመን ነው። እርሱ ሲጐድል ርኅራኄያችን ለወገን ብቻ ሆነ፣ እውቀታችን ሐሰት ለመጻፍ ዋለ፣ መጽናታችንም ከአንድ ወሬ አላለፈም። ጴጥሮስ እምነትን ከታች ያኖረው ለዚህ ይመስለናል።

ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ ወላይታ ነበሩ። ነቀዙን ባዩ ጊዜ ከጆንያው ላይ ተቀምጠው አለቀሱና አባታቸው ያወሩላቸውን ነገሩን። በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሚሲዮናውያኑ ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች ሃምሳ አይሞሉም ነበር። ከዚያም ስደት ሆነ፤ እንደ ዋንዳሮ ያሉት መሪዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ። በእስር ቤት ቀለብ አልነበረምና እስረኛ የሚበላው ወገኑ ካመጣለት ብቻ ነው። አማኞቹ ከደሃ ቤታቸው ስንቅ እየተሸከሙ ለወንድሞቻቸው ያደርሱ ነበር፤ የታሰሩትም ጠያቂ ለሌለው፣ ላላመነውም እስረኛ ያካፍሉ ነበር። ጣሊያን ተባርሮ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ የአማኞቹ ቁጥር ወደ 10 ሺህ ደርሶ ተገኘ። ሽማግሌው ይህን ነግረውን ሲያበቁ፣ «አባቴ መጋዘን አልነበረውም» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

በማግስቱ ለበላይ ኃላፊዎቻችን የሆነውን ሁሉ ጻፍን። ቀላል አልነበረም፤ ከሥራ እንባረራለን ብለን ነበር። ከደመወዛችን እየተቆረጠ የ12 ኩንታሉ ዋጋ ተከፈለ፤ ሽማግሌዎቹም በእሑድ በጉባኤው ፊት ቆመው ተናዘዙ። ያችን እናት ፈለግናቸው። ጎረቤቶቻቸው ልጆቹን ይዘው ወደ ዘመድ ሄደዋል አሉን፤ የትኛው ከተማ እንደ ሆነ የሚያውቅ አልተገኘም። እስከ ዛሬም አላገኘናቸውም።

ከዚያ ወዲህ መጋዘናችን ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱን የሚይዙት ተረጂዎቹ ራሳቸው የመረጡት ሰው ናቸው። የስም ዝርዝሩ በዛፍ ጥላ ሥር በሁሉ ፊት ይነበባል፤ የቀረ ሰው ካለ እዚያው ይናገራል። ይህ ሥርዓት ፍርሃታችንን አላጠፋውም። ትናንት ማታ የዚህ ወር ጭነት እንደሚዘገይ ሰምተናል፤ እንደዚያን ጊዜም ሆዳችን ተላውሷል። በመጋዘኑ የቀረው 9 ኩንታል ነው፤ እርሱም ነገ ጠዋት ይታደላል። በጸሎታችሁ አስቡን።