አሮጌው ፍሬዛ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ቄሶች፣ ሽማግሌዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ እንዲሁም ከኋላ ቆማችሁ ስልክ የምትነካኩ ጓደኞቻችን። እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ወጣቱና ስለ ሙያ ነው። በጠቅላላው ስለ ሙያ ለመናገር ገና ልጆች ነን። ስለዚህ ስለ አንድ ማሽን እንንገራችሁ።

ሦስት ነን። ሁለታችን ተማሪዎች ነን፣ አንዳችን ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ባለፈው ክረምት ከአንድ ከተዘጋ ወርክሾፕ ያገለገለ ፍሬዛ በ7,000 ሼቄል ገዛን። ለማያውቀው ሰው ፍሬዛ ትልቅ መሰርሰሪያ ይመስላል። ልዩነቱ ብረቱ በሞርሳ ታስሮ ከጠረጴዛው ጋር ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ መሄዱ ነው፤ ከላይ የሚሽከረከረው ስለት እየላገ ቅርጽ ያወጣለታል። በዕብራይስጥ ካርሶሜት የሚሉት ነው። የእኛው እ.ኤ.አ. በ1938 አሜሪካ ውስጥ ብሪጅፖርት ከተማ የተጀመረው ዓይነት ቅጂ ነው። ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ።

አንድ ቶን የሚለውን ቃል ስንገዛ ሰምተነዋል። ትርጉሙ የገባን ግን መኪናው በር ላይ አውርዶት ሲሄድ ነው። ከበሩ እስከ ማሕሳኑ አሥር ሜትር አለ። ይህ ማሽን ከላይ ከባድ ስለሆነ ለመውደቅ ሰበብ ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ ጠረጴዛውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረግን። ቀጥሎ የጭንቅላቱን ብሎኖች አላልተን ሞተሩ ወደ ታች እንዲሆን ገለበጥነው። ከዚያ በዲጂኖ አንድ ጣት ያህል እያነሳን ከሥሩ የብረት ቱቦ አስገባን። ገፋ ስናደርገው ከኋላ የሚቀረውን ቱቦ አንስተን ከፊት እናስገባለን። አሥሩ ሜትር ሦስት ሰዓት ፈጀ። አንድ ሕግ ነበረን፦ ቢያዘነብል ማንም እንዳይደግፈው፣ ይውደቅ። ብረት ይጠገናል።

በዚያ መሐል የጓደኛችን እናት በረንዳ ላይ ወጡ። ማሕሳኑ የእሳቸው ነው። «እኛ ከዚህ ነገር ሸሽተን ነው የመጣነው፣ እናንተ ቤት ታስገቡታላችሁ?» አሉ። ቆሻሻውን መስሎን «እናጸዳዋለን» አልናቸው። እሳቸው ግን የሚያወሩት ስለ ሌላ ነገር ነበር። አባታቸው፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ ጎንደር ሳሉ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። እኛ ይህን አናውቅም ነበር! የልጅ ልጃቸው እንኳ አያውቅም። ማረሻውንና ማጭዱን ከእጃቸው የሚወስደው ገበሬ ዞር ሲል ቡዳ ይላቸዋል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ብሎ ለልጆቹ ይነግራል። ወላጆቻችሁን ብትጠይቁ ብዙዎቹ ይህን ያውቁታል። ከጠየቃችሁ ነው እንጂ፣ ሳይጠየቁ የሚነግሩ አይመስለንም።

እናታችን ግን አልከለከሉንም። «ድምፁ ጎረቤት እንዳይረብሽ» ብለው ገቡ።

መብራቱን በአጭሩ እንለፈው። ሞተሩ ሦስት ፌዝ ይፈልጋል፣ ቤቱ ያለው አንድ ፌዝ ነው። መሐል ላይ ኢንቨርተር ማስገባት ይቻላል፤ የሞተሩ ሽቦ ግን ለ230 ቮልት በሚሆነው አገናኝ መታሰር አለበት። ይህን ራሳችን አልነካንም፣ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ነው የሠራው። ይህንንም ልብ በሉ፣ በዩቲዩብ አይሠራም።

የደከምነው ሌላው ላይ ነው። ዝገቱን በነጭ ጋዝ አጥበን፣ መንሸራተቻዎቹን ዘይት ቀብተን፣ የገለበጥነውን ጭንቅላት መልሰን አቆምነው። አሁን ስለቱ ለጠረጴዛው ፍጹም ቀጥ ማለት አለበት። ሰዓት የመሰለውን መለኪያ ስለቱ በሚታሰርበት ቦታ አስረን ጠረጴዛው ላይ አዞርነው። በግራና በቀኝ መካከል የ0.15 ሚሊሜትር ልዩነት አለ። በጎማ መዶሻ ትንሽ እንነካለን፣ ብሎን እናጠብቃለን፣ ስናጠብቅ ተመልሶ ይሄዳል። ሁለት አርብ ሙሉ ይህን ስንሠራ ቆይተን 0.02 ላይ አደረስነው። በዓለም ላይ እንደኛ ደስ ያለው አልነበረም። ከዚያ የመጀመሪያውን ብረት ስንልግ ማሽኑ ተንቀጠቀጠ፣ ብረቱም ላይ የውሃ ሞገድ የመሰለ ምልክት ቀረ።

ስለቱን ቀየርን፣ ፍጥነቱን ቀነስን። የጠረጴዛው ቪቴ አርጅቶ እጀታው ወደ ኋላ ሲመለስ 0.6 ሚሊሜትር ያህል በባዶ ይዞራል። እሱ ነው ብለን ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ከስለቱ ዙር ተቃራኒ መግፋት ጀመርን። ይህ ለአሮጌ ማሽን የግድ ነው፣ አለዚያ ስለቱ ብረቱን ይጎትተዋል። መንቀጥቀጡ ግን አልቆመም።

አባባ ለካ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ገብተው አያውቁም። «አጥፉት» አሉን። የመዶሻ እጀታ አንስተው የማሽኑን እግር በአራቱም ማዕዘን ቀስ እያሉ መቱ። ሦስቱ ድፍን ድምፅ ሰጡ። አራተኛው ጮኸ። «ይኸኛው መሬት አልያዘም» አሉ።

ወለሉ ጎርበጥ ያለ ነበር፣ እኛ ደግሞ ከላይ ስንለካ ታችውን ረስተናል። ስስ ላሜራ ቆርጠን ከእግሩ ሥር አስገባን። አባባ እንደገና መቱ፣ «ጨምር» አሉ፣ ጨመርን፣ እንደገና መቱ። አራቱም አንድ ድምፅ ሆኑ። ጭንቅላቱን ከመጀመሪያው መለካት ነበረብን፣ ምክንያቱም እግሩ ሲስተካከል ልኩ ተንቀሳቅሷል። ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው።

ቀጥሎ የላግነው ብረት እንደ መስታወት ባይሆንም ለስላሳ ወጣ። አባባ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳበሱትና፣ «እሳት ሳያይ?» ብለው ጠየቁን። «ሳያይ» አልናቸው። ብረቱን ኪሳቸው ከተው ወደ ላይ ወጡ። ማታ እናታችን ጠረጴዛ ላይ አግኝተውት ምንም አላሉም፣ ግን አልጣሉትም። እስከ ዛሬ መስኮቱ ጋ ነው ያለው።

የምንሠራው አርብ ጠዋት ነው፣ ሰንበት ሳይገባ እናጸዳለን። ማየት የሚፈልግ ይምጣ። ጓንት፣ ሻርፕና የተንጠለጠለ ነጠላ እቤት ይቅር፣ የሚዞር ስለት ጨርቁን ከያዘ እጅንም ይዞ ይሄዳል። ረጅም ጸጉር ይታሰር። አባባ አብዛኛውን ጊዜ ከኛ ቀድመው እዚያው ናቸው፤ በሩ ቢዘጋ አንኳኩ።