ንብ የተወው የማር እንጀራ

በአጅባርና በመካነ ሰላም ዙሪያ በሚገኙት የደቡብ ወሎ ደጋዎች፣ ከጓሮ የቆመ ያረጀ ወይራ ወይም ጽድ ግንዱ ሲቦረቦር የዱር ንብ ይሰፍርበታል። አንድ ወቅት ደግሞ ንቡ ይጠፋል፤ በግንዱ ሆድ ውስጥ ጎን ለጎን ተንጠልጥሎ የሚቀረው የማር እንጀራ ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለ እንጀራ ሲገኝ ቶሎ የሚጠየቀው ማር አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው፤ ከሌለው ይጣላል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ባዶ እንጀራ ንቡ ምን ያህል እንደኖረበትና በምን ምክንያት እንደወጣ የሚመሰክር በመሆኑ፣ ከመቆረጡ በፊት ባለበት ሊታይ ይገባዋል።

ከሁሉ በፊት ግንዱ በእርግጥ መለቀቁ ይረጋገጣል። በሞቃት ቀትር ንቦች ሲገቡና ሲወጡ ከታዩ፣ እግራቸው መታየት አለበት። በኋላ እግራቸው የአበባ ዱቄት ጠቅልለው የሚገቡ ከሆነ በውስጡ የሚመገብ እጭ አለ፤ ቤቱ ባለቤት አለው። ዱቄት ሳይዙ እየተሻሙ የሚገቡት ግን ብዙውን ጊዜ የተረፈውን ማር ለመዝረፍ ከሌላ ቀፎ የመጡ ናቸው። እንጀራው የጣዝማ አለመሆኑ ወዲያው ይታወቃል፤ ጣዝማ ከመሬት ሥር ትኖራለች፣ ማሯንም የምታኖረው በትናንሽ ድቡልቡል የሰም እቃዎች እንጂ ባለ ስድስት ጎን ዓይን ባለው እንጀራ አይደለም።

የማር እንጀራ ለንቡ እጅግ ውድ ሥራ ነው። ወጣት ሠራተኛ ንብ ከሆዷ ሥር ካሉት 4 ጥንድ ዕጢዎች ቅርፊት የመሰለ ሰም ታመነጫለች፤ በአፏ እያላመጠችም የዓይኖቹን ግድግዳ ትሠራለች። የግድግዳው ውፍረት ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አይሞላም። 1 ኪሎ ግራም ሰም ለማመንጨት ንቡ ከ6 ኪሎ ግራም ያላነሰ ማር ይበላል ተብሎ ይገመታል። ይህን ያህል ሀብት የፈሰሰበትን ቤት ንብ በከንቱ ጥሎ አይሄድም፤ የመውጣቱ ምክንያት መፈለግ ያለበትም ስለዚህ ነው።

የእንጀራው ቀለም ዕድሜውን ይናገራል። አዲስ የተሠራ ነጭ ወይም ፈዛዛ ቢጫ ነው። እጭ ያደገበት ክፍል ግን በየትውልዱ ሙሽሬዎቹ ትተውት በሚሄዱት ስስ ሽፋን ምክንያት እየቀላ፣ ቆይቶም እየጠቆረ ይሄዳል። ጥቁርና ጠንካራ እንጀራ ብዙ ትውልድ የተፈለፈለበት ነው፤ ሁለንተናው ነጭ የሆነ እንጀራ ደግሞ መንጋው ሰፍሮ ብዙ ሳይቆይ እንደሄደ ያስረዳል።

ዋናው ምስክር ግን በዓይኖቹ ውስጥ የቀረው ወይም የጠፋው ነገር ነው። መንጋ መውጣትና መኮብለል ይለያያሉ። መንጋ ሲወጣ አሮጊቷ ንግሥት፣ ባላገሩ አውራ የሚላት፣ ከከፊሉ ንብ ጋር ትሄዳለች፤ ቤቱ ግን ለአዲስ ንግሥት ይቀራል። ለዚህ ምልክቱ ከእንጀራው ጠርዝ ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ የኦቾሎኒ ቅርፊት የሚመስል የንግሥት ቤት ነው። መኮብለል ግን መላው ማኅበር ነቅሎ መሄዱ ነው፤ የአፍሪካ ንብ በዚህ ጠባዩ ከአውሮፓው ይልቅ ይታወቃል። በረሃብ ወይም በድርቅ የሚኮበልል ንብ አስቀድሞ ይዘጋጃል፦ ንግሥቲቱ እንቁላል መጣል ታቆማለች፣ የታሸገው ሙሽሬ ሁሉ እስኪፈለፈል ይጠበቃል፣ የቀረው ማርም ተበልቶ በሆድ ይጫናል። ስለዚህ እጭም ማርም የሌለበት ንጹሕ እንጀራ ታስቦበት የተለቀቀ ቤት ነው። በአንጻሩ የደረቀ እጭና የታሸገ ማር እንዳለ ከቀረ ንቡን ያስወጣው ድንገተኛ ነገር ነው፤ ጉንዳን፣ እሳት፣ ጭስ ወይም ማር ፈላጊ አውሬ ሊሆን ይችላል። ጭንቅላታቸውን በባዶ ዓይን ውስጥ ቀብረው የሞቱ ንቦች የረሃብ ምልክት ናቸው። ከግንዱ ሥር የረገፈ የሞተ ንብ ክምር ሲገኝ ደግሞ በአካባቢው ማሳ ፀረ ተባይ ተረጭቶ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የአካባቢው መልክዓ ምድር ለኮብላይ ንብ የሚመች ነው። ደጋው ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች ቁልቁል ይወርዳል፤ አበባውም በከፍታው ልክ በየተራ ይፈካል። ከክረምት በኋላ አደይ አበባና መጭ ሜዳውን ሲያለብሱት ንብ ይበዛል፣ መንጋም ይወጣል። አበባው ሲያልፍና በጋው ሲጠና፣ ወይም የሐምሌና የነሐሴ ዝናብና ጉም ንቡን ቤት ሲያስቀምጠው፣ ስንቁ ያለቀበት ማኅበር ይፈልሳል። እንግዲህ ንብ ከጓሮ መጥፋቱ የቤቱ ረድኤት መሸሹ ተደርጎ መቆጠሩ ተገቢ አይደለም፤ ምግብን ተከትሎ መሄድ የንቡ ጥንታዊ ኑሮ ነው።

ባዶ እንጀራ ብዙ ሳይቆይ የሰም ብል ይገባበታል። ትሉ በተለይ ጥቁሩን እንጀራ እየቦረቦረ ድር የተሸፈነ መንገድ ይሠራል፣ ኩሱንም በየቦታው ይተዋል። አናቢ ይህን ፍጥረት በጠላትነት ቢያየው አያስደንቅም። በዱር ግን ያረጀውንና በሽታ ሊይዝ የሚችለውን እንጀራ አጽድቶ ግንዱን ለሚቀጥለው መንጋ የሚያሰናዳው እርሱ ነው።

በእንጀራው ላይ ማር ከተረፈ፣ በሰም የታሸገው የበሰለ ማር ሳይበላሽ ይቆያል። ክዳኑ የተከፈተው እርጥበት ስቦ ሊቦካ ይችላል። የትል ድር ያለበት፣ የሚሸት፣ ወይም ከተመረዘ ንብ አጠገብ የተገኘ ማር አይበላም። ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን የትኛውም ማር አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል የባክቴሪያ ዘር አንጀቱ ላልጠና ሕፃን አደገኛ መርዝ ይፈጥራል። ምንጩ ያልታወቀ ማርና እንጀራ ለሌላ ቀፎ ንብ መስጠትም አይገባም፤ እጭን የሚያበሰብሰው በሽታ ዘር በአሮጌ እንጀራ ላይ ለአሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

ማር የሌለው እንጀራም ሰም አለው። ተሰባብሮ በውኃ ይሞቃል፤ በ63 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል፤ በጨርቅ ተጣርቶ ሲቀዘቅዝ ከውኃው በላይ ይረጋል። በቀጥታ እሳት ላይ ማቅለጥ ቃጠሎ ያስነሣል። ከጥቁር እንጀራ የሚገኘው ሰም ጥቂት ነው፣ የሙሽሬው ሽፋን ይመጠዋልና። በአማራ ሳይንት እንደ ተድባበ ማርያም ያሉ ጥንታውያን አድባራት ባሉበት አገር ሰም ከጧፍ ጋር የኖረ ዕቃ ነው። አንጥረኛም ጌጡን መጀመሪያ በሰም ቀርጾ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን አቅልጦ ካፈሰሰ በኋላ በቦታው ወርቅ ያፈስበታል፤ የቅኔው ሰምና ወርቅ ስያሜም ከዚሁ ሥራ የተወሰደ ነው።

ሰሙን ከመውሰድ ይልቅ ንቡን መመለስ የሚፈልግ፣ ጤነኛ ከሆነው እንጀራ ጥቂቱን በግንዱ ውስጥ ይተዋል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ቶማስ ሲሊ በአውሮፓ ዝርያ ንቦች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ቤት ፈላጊ ንቦች 40 ሊትር ያህል ስፋት ያለው፣ በሩ ጠባብ፣ ከመሬት ከፍ ያለና ቀድሞ እንጀራ የነበረበት ጎሬ እንደሚመርጡ አሳይቷል። የአፍሪካ ንብ ከዚያ ባነሰ ቦታም ይሰፍራል። የግንዱ በር ሳይሰፋ፣ የጉንዳኑ መንገድ ተዘግቶ ከተጠበቀ፣ ከክረምት በኋላ መንጋ ሲወጣ አሳሽ ንቦች የሰሙን ሽታ ተከትለው ወደ ጎሬው ሊመጡ ይችላሉ።